በበጋ የባሌን ትራውት ሳያስደነግጡ ለማጥመድ

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በባሌ ተራሮች እንደ ዌብና ዳንካ ያሉት ወንዞች ስለሚጎድሉና ስለሚጠሩ፣ ትራውት የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚሄድ ሰው ከመንጠቆው ይልቅ ለአካሄዱ ቢጠነቀቅ ይሻላል። ይህ ዓሣ ፊቱን ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ ስለሚቆም፣ ከታች ወደ ላይ እየሄዱ ከኋላው መቅረብ ያስፈልጋል። ከውኃው ውጭ ያለውን የሚያየው ከራሱ በላይ ባለ፣ ክብ መስኮት በሚመስል የውኃ ገጽ በኩል ስለሆነ፣ ከዳር ያለ ሰው ዝቅ ባለ መጠን ከእይታው ይሰወራል፤ ስለዚህ ተንበርክኮ መወርወር፣ ጥላንም ውኃው ላይ አለመጣል በእኔ እምነት ከውድ ዕቃ ሁሉ ይበልጣል። የኮቴ ንዝረትም ስለሚሰማው፣ ጠጠሩን ትቶ ሣሩን መርገጥ ይመረጣል።

ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት በዚህ ወቅት በማለዳ መቸኮል አያስፈልግም፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው እምብዛም ስለማይንቀሳቀስና ስለማይመገብ፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ጥልቀት ያለውንና ፍሰቱ ዝግ ያለውን ቦታ መሞከር ይበጃል። ክሩ ቀጭን፣ ማታለያውም (ምግብ መስሎ ዓሣውን የሚስበው ሰው ሠራሽ ነገር) ትንሽ ሆኖ፣ ዓሣው ከቆመበት ጥቂት ራቅ ብሎ ውኃው በሚመጣበት በኩል በማረፍ ከውኃው ጋር በራሱ ይውረድ።