ውስኪና የደብረ ብርሃን ብርድ
ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል፣ ብርዱን ለመቋቋም ተብሎ ውስኪ ይጠጣል፤ ይሁን እንጂ አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች አስፍቶ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ የሚሰማው ሙቀት አታላይ ነው፤ ጠጥቶ ለሚወጣ ሰው ከተጨማሪ መለኪያ ይልቅ ጋቢው ይጠቅመዋል።

40 በመቶ አልኮል ያለው ውስኪ በ30 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 10 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ጉበት ይህን ለማስወገድ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ አስቀድሞ ምግብ በልቶ በዝግታ መጎንጨትና በመካከሉ ውኃ መጠጣት ይገባል። (የቤት አረቄ ጥንካሬው ስለሚለያይ ይህ ስሌት አይሠራለትም።) የስኳር ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይቀምስ ይሻላል፤ በጣርማ በር ጉም ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚያሽከረክር ደግሞ ጨርሶ መጠጣት የለበትም።