ትራንስፎርመር ሎድ ሳይደረግበት ብክነቱን እንዴት መለካት ይቻላል?

ትራንስፎርመር የተቀበለውን ኃይል በሙሉ አያስተላልፍም። የተወሰነው በብረቱ፣ የተወሰነው በመዳብ ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ግን ሙሉ ሎድ መሸከም አያስፈልገውም። ሁለት አጫጭር ሙከራዎች ይበቁታል።

ቮልት ሜትር፣ አምፔር ሜትር፣ ዋት ሜትር፣ ፊውዝና ቫሪያክ (ቮልቴጅን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ በቀስ ለመጨመር የሚያስችል መሣሪያ) ያዘጋጁ። ለምሳሌ 1,100 ቮልት-አምፔር፣ 220/110 ቮልት የሆነ ትራንስፎርመር እንውሰድ። ሙሉ ከረንቱ በ220ው በኩል 5 አምፔር ነው።

መጀመሪያ ክፍቱን ሙከራ ይሥሩ። የ220ውን ጫፎች ምንም ሳያገናኙ ይተዉ፤ ነገር ግን በደንብ ይሸፍኗቸው። ባዶ ቢመስሉም 220 ቮልት አለባቸው፣ ይገድላሉ። መለኪያዎቹን በ110ው በኩል አስገብተው ቫሪያኩን ቀስ እያሉ እስከ 110 ቮልት ያድርሱ።

ሎድ ስለሌለ ምንም ከረንት አይኖርም ብለው ይጠብቁ ይሆናል። አለ። 0.6 አምፔርና 25 ዋት አነበብን እንበል። 110 በ0.6 ሲባዛ 66 ነው፤ የሚባክነው ግን 25ቱ ዋት ብቻ ነው። ከረንቱ በአብዛኛው ብረቱን ማግኔት ለማድረግ ይመላለሳል። ሽቦው ላይ የሚጠፋው እዚህ ግባ ስለማይባል 25ቱ የብረት ብክነት ነው።

ቀጥሎ ሾርት ሙከራው። ኃይሉን ያጥፉ። የ110ውን ጫፎች በአጭርና ወፍራም ሽቦ ሾርት ያድርጉ፤ መለኪያዎቹን ወደ 220ው ያዛውሩ። ቫሪያኩ ዜሮ ላይ መሆኑን ሳያዩ ፈጽሞ አያብሩ።

አሁን አምፔር ሜትሩን እያዩ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። 5 አምፔር ሲደርስ ቮልት ሜትሩ ገና 11 ላይ ነው፤ ከ220ው 5 በመቶ ብቻ። በዚህ ስሌት ሙሉ 220 ቢለቀቅበት 100 አምፔር ይስብ ነበር።

ዋት ሜትሩ 40 ካለ፣ የመዳብ ብክነቱ ያ ነው። ቮልቴጁ ትንሽ ስለሆነ ብረቱ እዚህ የሚበላው የለም ማለት ይቻላል። 40ን ለ5 ስኩዌር ሲያካፍሉ ሬዚስታንሱ 1.6 ኦም ይመጣል። ቶሎ አንብበው ያጥፉ፤ ሽቦው ሲሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል።

ስለዚህ 1,100 ዋት ሲያወጣ 65 ዋት ይባክናል፤ ብቃቱ 94.4 በመቶ ገደማ ነው። ሎዱ በግማሽ ሲቀንስ የመዳቡ ብክነት ወደ 10 ዋት ይወርዳል፤ የብረቱ 25 ግን ንቅንቅ አይልም። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚሠራ ትራንስፎርመር ከሁሉ በፊት የክፍቱን ሙከራ ዋት ይመልከቱ።