የከተማ አውቶቡስ የኤሌክትሪክ መስመር ሲጠገን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊውዝ የሚገጠመው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። አምፖሉን ወይም ሬዲዮውን ለማዳን የተቀመጠ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኛው ስህተትም የሚጀምረው ከዚህ ነው። እዚህ የምናነሳው በ24 ቮልት የሚሠሩ፣ ማለትም ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው የታሰሩላቸውን አውቶቡሶች ነው።

የተቃጠለ ፊውዝን በትልቅ መተካት

ባለ 10 አምፔሩ ቀይ ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ባለ 20ው ቢጫ ይገባል፤ እሱም ሲቃጠል ባለ 30ው አረንጓዴ፤ በመጨረሻ የሽቦ ቁራጭ። ሂሳቡን እንሥራው። ሁለት ባለ 70 ዋት የፊት አምፖሎች በ24 ቮልት አንድ ላይ 6 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ባለ 10 ከበቂ በላይ ነው። ይህ ፊውዝ ከተቃጠለ ኮረንቱ ሌላ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። በቦታው ባለ 30 ቢገባ፣ በቀጭን ባለ 1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 25 አምፔር እያለፈ ፊውዙ ዝም ይላል። ልባሱ ይቀልጣል፣ አብረውት የታሰሩትን ሽቦዎችም ያቀልጣል። መስመሩ በጣሪያው ሽፋን ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ጭሱ የሚታየው ተሳፋሪው አናት ላይ ሲደርስ ነው።

ትክክለኛው ፊውዝ እንኳ ወዲያው አይቆርጥም። የተለመደው ባለ ሁለት ጥርስ ፊውዝ ከመጠኑ 35 በመቶ በላይ ሲጫንበት እስከ 10 ደቂቃ፣ እጥፍ ሲጫንበት ደግሞ እስከ 5 ሰከንድ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ማሳደግ ጊዜውንም ማርዘም ነው።

ሾርቱን፣ ማለትም ኮረንቱ ያለቦታው ከቆርቆሮው ወይም ከሌላ ሽቦ ጋር የሚነካካበትን ቦታ፣ ለማግኘት ሌላ ፊውዝ ማቃጠል አያስፈልግም። በመስመሩ ላይ ያሉትን አምፖሎችና ዕቃዎች ሁሉ ይንቀሉ። በፊውዙ ቦታ ባለ 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ ያገናኙና ማብሪያውን ይክፈቱ። አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ከበራ ሾርት አለ፤ በመስመሩ የሚያልፈው ግን ከ1 አምፔር ስለማይበልጥ ሽቦው አይጎዳም። አሁን የሽቦውን እስር በየቦታው ይነቅንቁት፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ እጅዎ ያለበት ቦታ ነው። መጀመሪያ የሚታዩት የበሩ መታጠፊያ፣ የሞተር ክዳን ማጠፊያና ሽቦ ቆርቆሮ በስቶ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። አካላቸው እዚሁ አገር ውስጥ በሚሠራላቸው ቅጥቅጦች ላይ የጎማ ቀለበት ያልገባለት ቀዳዳ ቢኖር አይግረምዎ፤ መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ቆርቆሮው ልባሱን እየሞረደ ይሄዳል።

በእጅ የሚመለሰውን ብሬከር በራሱ በሚመለስ መቀየር

ብሬከር እንደ ፊውዝ ኮረንት ሲበዛ የሚቆርጥ፣ ግን ሳይቃጠል ተመልሶ የሚሠራ ዕቃ ነው። በእጅ ካልተጫኑት የማይመለሰው ሹፌሩን ስለሚያስቸግር በራሱ የሚመለሰውን የሚገጥሙ አሉ። ሾርት ካለ ይህኛው ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ ሲግል ይቆርጣል፤ ይህን እየደጋገመ ቀኑን ሙሉ ሽቦውን ያግላል። በእጅ የሚመለስ ከነበረ በእጅ በሚመለስ ይተካ።

የውስጥ መብራቶችን በአንድ ፊውዝ ማጠቃለል

የተባበሩት መንግሥታት የአውቶቡስ ደንብ ቁጥር 107 የውስጥ መብራት ቢያንስ በሁለት መስመር እንዲከፈል፣ የአንዱ ብልሽትም ሌላውን እንዳይነካ ያዛል። አንዱ መስመር ሲበላሽ ወደ ጎረቤቱ መቀጠል ቀላል ይመስላል፤ በሌሊት አደጋ ጊዜ ግን ተሳፋሪው መውጫውን የሚያይበት መብራት አብሮ ይጠፋል።

ለሬዲዮ 12 ቮልት ከአንድ ባትሪ መሳብ

ይህ ከሁሉ በላይ የተለመደው ነው፤ ባትሪ የሚጨርሰውም እሱ ነው። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች አንድ ላይ በ28 ቮልት ገደማ ይሞላል። ከአንዱ ብቻ ሲሳብ እሱ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ደግሞ ከ14.4 ቮልት በላይ እየደረሰው ውኃው ይፈላል። በጥቂት ወራት ሁለቱም ይሞታሉ፤ ጥፋቱም በዲናሞው ይሳበባል። ለማረጋገጥ አውቶቡሱ ካደረ በኋላ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ይለኩ፤ አንዱ 12.7 ሌላው 12.3 ካሳየ ከመካከላቸው የተቀጠለ ሽቦ ይፈልጉ። መፍትሔው ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀይር ዕቃ መግጠም ነው፤ ፊውዙም ከባትሪው ብዙ ሳይርቅ ይግባ፣ ምክንያቱም በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለም። ባትሪ ሲቀየር ሁለቱም አብረው ይቀየሩ።

ማሳውን መርሳት

ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ካለ፣ ፊውዝ ከመቀየር በፊት ማሳውን፣ ማለትም ኮረንቱ በአካሉ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን ግንኙነት፣ ይዩ። የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ሞተሪኖውን ያስነሱ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ደክሟል። ይፈቱት፣ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ይጥረጉ፣ በደንብ ያጥብቁ፣ ቅባቱን ከዚያ በኋላ ከላይ ይቀቡ።

ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል

ናስትሮ በሞተር ሙቀት ይላቀቃል፣ ውኃ ይገባዋል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። በመጭመቂያ ፒንሳ የሚጨመቅ መገጣጠሚያና ከውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይጠቀሙ። የፊውዝ ሳጥንንና ሶኬቶችን በግፊት ውኃ አይጠቡ።

ባትሪ ሳይፈቱ መበየድ

አካሉ ሲበየድ የባትሪው ኔጋቲቭ፣ ቀጥሎም ፖዘቲቩ ይፈታ፤ የዲናሞውና የሞተር መቆጣጠሪያው ሶኬቶችም ይነቀሉ። የመበየጃው የማሳ መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ ኮረንቱ በሻንሲው ዞሮ በኩሽኔታ ውስጥ እንዳያልፍ። ሞተር እየሠራ ግን ባትሪ ፈጽሞ አይፈታም፣ ዋናው ማጥፊያም አይዘጋም፤ ዲናሞው የሚያወጣው ድንገተኛ ቮልት ከ100 በላይ ሊዘልና ዳዮዶቹንና ኮምፒውተሩን አብሮ ሊያቃጥል ይችላል። ሲመለስ ፖዘቲቩ መጀመሪያ፣ ኔጋቲቩ መጨረሻ።