«ቪቪቲውን አስተካክልልኝ» ከማለትዎ በፊት

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በመኪና የወጣ ሰው ይረዳኛል። ሜዳው ላይ ደህና የነበረች ቪትዝ ዳገቱ ሲጀምር ታቃስታለች። ነዳጅ ቢረግጡም ድምፅ እንጂ ጉልበት የለም። በተለይ በደቂቃ ከ2,500 እስከ 4,000 ዙር ባለው መሃል ላይ። ያኔ ጋራዥ ይገባና «ቪቪቲውን አስተካክልልኝ» ይባላል። (ቪቪቲ ማለት የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ የሚለዋውጥ ዘዴ ነው።) እኔም ብዬ አውቃለሁ።

ስህተቱ ከዚያው ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። እንደ ድሮው ዲስትሪቢዩተር (እሳት አከፋፋይ) ላላ አድርገው የሚያዞሩት ነገር የለም። ቪትዝና ኮሮላ ላይ ኮምፒዩተሩ ዙሩን፣ ጭነቱንና ሙቀቱን ያይና አንዲት ትንሽ የዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ያዛል። እሷ ዘይት ትልካለች፣ የዘይቱ ግፊት ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ ያዞረዋል። በመሃል ዙር የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ቀደም ብሎ ከተዘጋ የገባው አየር ተመልሶ አያመልጥም። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። (በነገራችን ላይ ይህን ዘዴ ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ ቀድሞ ያዋለው በ1980 እ.ኤ.አ. አልፋ ሮሜዮ ነው። ካንዴላና ፍሪሲዮን ያስተማሩን ጣሊያኖች እዚህም ቀድመውናል።)

እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው ዘይት ነው። ትልቁ ስህተት ደግሞ ዘይቱን መርሳት። የኔዋ ስትደክም ካንዴላ ተቀየረ፣ የነዳጅ ፓምፕ ተቀየረ፣ ብር ወጣ፣ ምንም የለም። በኋላ አንድ ወጣት መካኒክ የዘይቱን መለኪያ መዘዘና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘይት አይደለም፣ ሬንጅ ነው» አለኝ። የዘይት ቫልቯን ፈታ። ወደ እሷ በሚሄደው መስመር ላይ ያለችው ቀጭን ወንፊት በጥቁር ጭቃ ተደፍናለች። አጠባት፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀየርን፣ መኪናዋ ዳገቷን ወጣች። «ሞተሩ አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት ይሻለዋል» የሚባለውንም ይጠንቀቁ። መጽሐፉ 5ደብሊው-30 ካለ 20ደብሊው-50 አይሙሉ። በጠዋት ብርድ ወፍራም ዘይት እስኪደርስ ካምሻፍቱ ቆሞ ይጠብቃል።

የዘይት ቫልቯን ሳይፈትሹ አዲስ መግዛትም አለ። ቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ ሲቀዘቅዝ 7 ኦም አካባቢ ታነባለች። ሌላም መንገድ አለ፦ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ለአፍታ 12 ቮልት ይስጧት። ሞተሩ መንገጫገጭ ወይም መጥፋት አለበት። ካልተሰማው ቫልቯ ተጣብቃለች ወይም ዘይት አይደርሳትም።

ኮምፒዩተሩ ሲነበብ ፒ0011 የሚባል የስህተት ኮድ ወጣ ብለው ሙሉውን የካምሻፍት ጊር አያዝዙ። ኮዱ ካምሻፍቱ ከታዘዘው በላይ መቅደሙን ብቻ ነው የሚናገረው። ለምን እንደቀደመ አይናገርም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን «አንድ ጥርስ እናስቀድመው» የሚሉት ነው። የካምሻፍቱ ጊር 36 ጥርስ ካለው አንዱ ጥርስ በካምሻፍቱ 10 ዲግሪ፣ በክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) 20 ዲግሪ ነው። ይሄ ማስተካከል አይባልም። ኮምፒዩተሩ ስህተቱን ያያል፣ መብራት ያበራል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘው ሰንሰለት በትክክል ካልገባ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ከዚያ ወዲያ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ ነው።

የኮምፒዩተሩን ካርታ (ካምሻፍቱ በየዙሩ ምን ያህል እንዲቀድም የሚያዘውን ሰንጠረዥ) በባለሙያ የሚያስቀይሩ ካሉ የተለመደው ጥፋት ስስት ነው። በመሃል ዙር ካምሻፍቱን ማስቀደም ጠቀመ ተብሎ በሁሉም ዙር ይቀደማል። በሚኒሞ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ሲሊንደር ይመለስና መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ላይኛው ዙር ላይ ደግሞ ትታፈናለች። ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ይጨምሩ፣ ይለኩ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። አየር ሲጨምር ነዳጁና እሳቱም አብረው መታየት አለባቸው። ያለዚያ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ልኬቱ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ መንገድ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይሁን፤ መንገዱም ባጃጅና ሰው የሌለበት። «ጥሩ ሆናለች መሰለኝ» ልኬት አይደለም።

የመጨረሻው ከፍታውን መርሳት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቪቪቲ ይህን አይመልስም። ከመተማ ቆላ የመጣ ወዳጄ ጎንደር በገባ ቁጥር «መኪናዬ ታማለች» ይለኛል። ሲመለስ ትድናለች።