ለሕዝብ የሚቀመጥ ኮምፒውተር እንዴት ይቆለፋል?

ደሴ ወይም ወልዲያ ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወጣት ማዕከል ውስጥ፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ለሕዝብ ልታስቀምጡ ነው እንበል። ተማሪው የፈተና ውጤቱን ያይበታል፣ ሌላው ኢሜይሉን ይከፍትበታል። ከዚህ ማሽን ሁለት ነገር እንፈልጋለን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነስቶ ሥራ መጀመር አለበት። የመጀመሪያው ሰው የከፈተው ደግሞ ለሁለተኛው መታየት የለበትም። ሁለቱንም ያለ አንዳች የፈቃድ ክፍያ፣ ኮዳቸው ክፍት በሆነ ሶፍትዌሮች መሥራት ይቻላል።

ሶፍትዌሩ ይቆየንና መጀመሪያ ሲፒዩውን፣ ማለትም የማሽኑን ሣጥን፣ ክፈቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ፤ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቀኑ ሲሳሳት ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን የደህንነት ሰርተፍኬት አልቀበልም ይላል፣ ሰዉም «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይሄዳል። ብዙ ማሽን ላይ የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ቅንብርም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪዋን ከቀየራችሁ በኋላ ባዮስ ግቡና መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲበራ አድርጉ።

ከዚያ ደቢያን የተባለውን ነፃ የሊኑክስ ሲስተም በፍላሽ ጫኑ። መጫኛው የትኛውን ዴስክቶፕ ልጨምር ሲል ሁሉንም ምልክት አንሱ። የሌለ ነገር አይነካም። ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣው ኤክስኦርግ፣ መስኮቶችን የሚያስተዳድረው ኦፕንቦክስ፣ ተጠቃሚውን የሚያስገባው ላይትዲኤምና ብሮውዘሩ ፋየርፎክስ ይበቃሉ። ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) የማይፈቀድለት ተራ ተጠቃሚ ፍጠሩ፤ ላይትዲኤም ፓስወርድ ሳይጠይቅ በእሱ ይግባ። የግዕዝ ፎንትም አትርሱ፣ አለዚያ አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ጥሩ ናቸው።

ፋየርፎክስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኪዮስክ፣ ማለትም ለሕዝብ ማሽን የሚሆን፣ አሠራር አለው። ማስጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ሁለት ሰረዝና «ኪዮስክ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ትጨምራላችሁ፣ ገጹ ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ይላል። አላለቀም! አልትና ኤፍ4 ብሮውዘሩን ይዘጋዋል። ከሥሩ ባዶው ስክሪን ላይ የማውሱን ቀኝ ሲጫኑ የኦፕንቦክስ ሜኑ ብቅ ይላል። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2 አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ ጥቁሩ የትእዛዝ ስክሪን ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከኦፕንቦክስ ቅንብር ፋይል ሰርዙ፣ ሦስተኛውን በኤክስኦርግ ቅንብር ዝጉ። የፋየርፎክስ ፖሊሲ ፋይል ላይም የቅንብር ገጹንና የገንቢዎች መሣሪያውን ከልክሉ። ለውጤት ማያ ብቻ ከሆነ ሁሉንም ድረ ገጽ አግዳችሁ የሚፈለጉትን ለይታችሁ ፍቀዱ።

አሁን ወደ ሰዉ ሚስጥር እንምጣ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት እሱ ነው። ልጅቷ ኢሜይሏን ሳትዘጋ ተነስታ ልትሄድ ትችላለች። ኤክስኦቶሎክ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ኪቦርድና ማውስ ሳይነካ ሦስት ደቂቃ ካለፈ ፋየርፎክስን እንድትዘጋ እዘዟት። ፋየርፎክስን የሚያስነሳው ስክሪፕት (ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ደግሞ ፋየርፎክስ በተዘጋ ቁጥር የድሮውን ፕሮፋይል፣ ማለትም የሰዉ መረጃ የሚቀመጥበትን ማህደር፣ ደምስሶ በአዲስ ይክፈተው። ከስክሪኑ ጎን በወረቀት «ሳትዘጉ አትሂዱ» ብሎ መለጠፍም አይከፋም።

ሁሉም ከሠራ በኋላ ኦቨርሌይሩት የሚባለውን ፕሮግራም አብሩ። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ይሆናል፣ አዲስ የሚጻፈው ሁሉ ሜሞሪ ላይ ይቆይና ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ፋይል እንዳይበላሽ የሚያደርገውም ይሄው ነው። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ እዩት። የመጀመሪያው ገጽ ራሱ ካልመጣ ለሕዝብ አታውጡት። ባዮሱ ላይ ከፍላሽ መነሳትን መዝጋትና ፓስወርድ ማስገባትም አሁን ነው። ሲፒዩውን በሳጥን ከቆለፋችሁ አየር ማስገቢያ ተዉለት፤ ደሴ ብርድ ስለሆነ ይችለው ይሆናል፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ ግን ሙቀቱ ቀልድ አይደለም።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ቦታ ኪዊክስን ጨምሩ። ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፣ የአማርኛው ፋይል ትንሽ ስለሆነ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ኦቨርሌይሩትን ከማብራታችሁ በፊት ዲስኩ ላይ አስቀምጡት።