ከእንግሊዝኛ መምህርነት ወደ ሌላ ሥራ ስትሻገሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ለዓመታት ያስተማረ ሰው «ከዚህ በኋላስ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን ይመጣበታል። ኮንትራት ሲያልቅ ይመጣል። ቤተሰብ ሲመሠረትና ደሞዙ አልዳረስ ሲል ይመጣል። ያንኑ የሰዋስው ትምህርት በዚያው ምሳሌ እየደገመ መሆኑ ሲታወቀውም ይመጣል።

ከዚያ ግማሹ «እኔ ከማስተማር ሌላ ምን አውቃለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ያገኘው ኮርስ ላይ ይመዘገባል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። የቋንቋ መምህር ሥራ እኮ አንድ ሥራ አይደለም። በውስጡ አምስት ስድስት ሥራ አለ፤ ሌላ ቦታ ለእያንዳንዱ ለብቻው ሰው የሚቀጠርበት። ከእነዚህ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትሠሩት የማይሰለቻችሁ የትኛው ነው? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ሳይጠይቁ ከመነሳት ነው።

1. ምን እንደሰለቻችሁ ሳትለዩ መልቀቅ

«ማስተማር መሮኛል» የሚል ሁሉ የመረረው ማስተማር አይደለም። አንዱን ያደከመው የሕፃናት ክፍል ነው፤ ለአዋቂዎች ቢያስተምር ነፍሱ መለስ ይል ነበር። ሌላዋን ያማረራት የተቆራረጠ ሰዓት ነው፤ ጠዋት አንድ ክፍል፣ ማታ ሁለት ክፍል፣ መሃል ላይ ማንም የማይከፍልበት ረጅም ጥበቃ። ሌላው ጠቡ ከአለቃው ጋር ነው። እነዚህ ሦስቱም ትምህርት ቤት በመቀየር የሚፈቱ ናቸው። ሙያ መቀየር አያስፈልጋቸውም።

እስቲ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ሁለት ነገር ጻፉ። ዛሬ ሰዓቱ ሳይታወቀኝ የነጎደው ምን ስሠራ ነው? ሰዓት እያየሁ የገፋሁትስ? መልመጃ ስታዘጋጁ እኩለ ሌሊት የሚሆንባችሁ ከሆነ ወደ ሥልጠና ነደፋና ወደ መማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት እዩ። የተማሪ ጽሑፍ ማረም ደስ የሚላችሁ ከሆነ አርትዖት አለ። ፈተና ማውጣትና ውጤት መተንተን ከሆነ የምዘና ድርጅቶች አሉ። ከክፍል በኋላ ተማሪው ስለ ሕይወቱ ሲያማክራችሁ የምትነቁ ከሆነ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ምክርና የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሰው ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የመጀመሪያው እርምጃ የትምህርት ክፍል ኃላፊ መሆን ይመስለዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን አብዛኛው ቀን የሚያልፈው የጊዜ ሰሌዳ በመደልደል፣ የቀረ መምህር በመተካትና ቅሬታ በመስማት ነው። የምትወዱት ክፍል ውስጥ መቆምን ከሆነ ዕድገቱ እሱኑ ይወስድባችኋል።

2. ሲቪ ላይ «አስተማርኩ» ብሎ ማለፍ

እኔ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የተለመደው የመምህር ሲቪ እንዲህ ይላል፦ «እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቻለሁ። የተማሪዎችን ሥራ አርሜያለሁ።» ይህን የሚያነብ የኩባንያ ቀጣሪ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው በልጅነቱ ያስተማረውን ሰው ነው። የእናንተን ሥራ አያይም። ባያይ አይፈረድበትም፤ አልነገራችሁትም።

አዲስ ክፍል ስትረከቡ የምታደርጉትን አስቡት። ተማሪዎቹን ታናግራላችሁ። ደረጃቸውን ከኤ1 እስከ ሲ2 ባለው የአውሮፓ የጋራ ማዕቀፍ ትመድባላችሁ። ቋንቋውን ለምን እንደሚፈልጉት ትጠይቃላችሁ። ከመጽሐፉ የማይረባውን ትጥላላችሁ፣ የጎደለውን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። ካስተማራችሁ በኋላ ትፈትናላችሁ፣ ያልሠራውን ታስተካክላላችሁ። በሥልጠና ዓለም ይህ ዑደት ስም አለው። አዲ የሚባለው የሥልጠና ነደፋ ሞዴል በ1975 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተሠራ ነው፤ አምስት ደረጃ አለው፦ መተንተን፣ መንደፍ፣ ማዘጋጀት፣ መተግበር፣ መገምገም። የትኛውም የቋንቋ መምህር ይህን ሲያነብ የገዛ ሳምንቱን ያገኘዋል።

እንግዲህ ያንኑ ሥራ እንዲህ ጻፉት፦ «ለ14 የሽያጭ ሠራተኞች፣ የሥራ ኢሜይሎቻቸውን አይቼና አንድ በአንድ አነጋግሬ፣ የ10 ሳምንት የጽሑፍ ሥልጠና ነደፍኩ። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ተመጣጣኝ ፈተና ሰጥቼ ለውጡን ለካሁ።» ስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ችግር፣ በምን ታወቀ። ይኸው ነው። ቁጥሮቹ ግን የእናንተ፣ እውነተኛ ይሁኑ። ኢንተርቪው ላይ «እንዴት ለካችሁት?» ተብሎ ሲጠየቅ የተጋነነ ቁጥር ወዲያው ያስነቃል።

3. የሚታይ ሥራ ሳይዙ ማመልከት

ሥልጠና ነዳፊ፣ ቴክኒካል ጸሐፊ (የሶፍትዌርና የማሽን መመሪያ የሚጽፍ) ወይም አርታኢ መሆን የሚፈልግ ሰው ናሙና ይጠየቃል። «ልምድ የለኝም» ብላችሁ አትጨነቁ፤ ናሙና ለመሥራት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንየው። ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች «በትሕትና ቅሬታ ማቅረብና መመለስ» የሚል ትምህርት አላችሁ እንበል። ያንን ለደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች የሚሆን የ15 ደቂቃ የኦንላይን ሥልጠና አድርጉት። መጀመሪያ የተናደደ ደንበኛ ኢሜይል ይታያል። ሠልጣኙ ከሦስት መልሶች አንዱን ይመርጣል። ሲሳሳት «ስህተት» ብላችሁ አትለፉት፤ ደንበኛው በዚያ መልስ ምን እንደተሰማው አሳዩትና እንደገና ዕድል ስጡት። መጨረሻ ላይ ራሱ መልስ ይጽፋል። አርቲኩሌት ስቶሪላይን የሚባለው ሶፍትዌር በሙያው በብዛት ይሠራበታል፤ ነጻ የሙከራ ጊዜም አለው። ከሥራው ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዙ፦ ለማን ነው፣ ለምን እንዲህ ነደፍኩት፣ ውጤቱን በምን እለካለሁ። ቀጣሪ ከአኒሜሽኑ ይልቅ ይህቺን ገጽ ነው የሚፈልጋት።

ጥንቃቄም አለ። ተቀጥራችሁ ሳለ ያዘጋጃችሁት ጽሑፍ በኮንትራቱ መሠረት የትምህርት ቤቱ ንብረት ሊሆን ይችላል። የተማሪ ሥራ፣ ስምና ፎቶማ ጭራሽ አይነካም። ሐሳባችሁን ይዛችሁ ናሙናውን ከዜሮ ሥሩት።

4. የሥራ ማስታወቂያ ሳያነቡ ሰርተፍኬት ማሳደድ

መምህር መማር ይወዳል። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ግራ ሲገባው ኮርስ ይገባል።

ሴልታ የሚባለውን የእንግሊዝኛ መምህራን የጀማሪ ሰርተፍኬት እንውሰድ። 120 ሰዓት ገደማ ትምህርት፣ በውስጡም 6 ሰዓት እየተመዘኑ ማስተማር አለበት። ከእሱ ከፍ ያለው ዴልታ ደግሞ ሦስት ሞጁል ያለው፣ በብሪታንያ የብቃት ማዕቀፍ ደረጃ 7 ላይ የሚመደብ ከባድ ሥራ ነው። ሁለቱንም አከብራለሁ። የመምህራን አሠልጣኝ ወይም የዩኒቨርሲቲ አካዳሚክ እንግሊዝኛ መምህር መሆን ለሚፈልግ ዴልታ በር ይከፍታል። ከትምህርት ዓለም ለሚወጣ ሰው ግን አብዛኛው ቀጣሪ ስሙንም አልሰማው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምትፈልጉት ሥራ ላይ የወጡ 20 ማስታወቂያዎችን ሰብስቡ። የሚጠይቁትን ቆጥራችሁ ጻፉ። በአብዛኛው ያልመጣ ሰርተፍኬት ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ። በተደጋጋሚ የመጣውን ተማሩ፤ አንዳንዱ በነጻ ይገኛል። ለምሳሌ የጉግል የቴክኒካል ጽሑፍ ኮርሶች ክፍያ የላቸውም።

5. «እንግሊዝኛዬ ጥሩ ስለሆነ ትርጉምም አርትዖትም እችላለሁ» ማለት

ቋንቋ ማወቅ መነሻ ነው። ትርጉም ሁለት ቋንቋ በእኩል ጥልቀት ይፈልጋል፤ ተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፣ በዚያ ላይ በአንድ ዘርፍ፣ በሕግ ወይም በሕክምና፣ ይካናል። አርትዖትም ሰዋስው ከማረም ያልፋል፤ የደራሲውን ድምፅ ሳይገድሉ ማስተካከል ለብቻው የሚለመድ ነገር ነው። ቀይ እስክሪብቶ የለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ ከሚገባው በላይ ያርማል።

ቴክኒካል ጽሑፍ ግን ለመምህር ቅርብ ነው። ከአውሮፕላን ጥገና መመሪያዎች የተነሣው ሲምፕሊፋይድ ቴክኒካል ኢንግሊሽ የሚባል ደንብ አለ። መመሪያ የሚሰጥ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል፣ ገላጭ ዓረፍተ ነገር ከ25 ቃል እንዳይበልጥ ያዛል። የሚፈቀዱት ቃላትም የተወሰኑ ናቸው። ለጀማሪ ተማሪ ትእዛዝ ስታቀሉ የኖራችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። የሚጎድላችሁ የመስኩ ዕውቀት ነው፤ ሶፍትዌር ይሁን ማሽን አንዱን መርጣችሁ ጠለቅ ብላችሁ ተማሩ።

6. ፈቃድ የሚጠይቁ ሙያዎችን አቅልሎ ማየት

«የንግግር ቴራፒስት ልሁን» የሚሉ መምህራን ብዙ ናቸው። ድንቅ ሙያ ነው፤ ግን የጤና ሙያ ነው። በአሜሪካ የማስተርስ ዲግሪ፣ ክትትል ያለበት ልምምድና የየግዛቱ ፈቃድ ይጠይቃል። የሥነ ልቦና ምክርም፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርነትም እንደየአገሩ የራሳቸው ፈቃድ አላቸው። መጀመሪያ የፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት መስፈርት አንብቡ፤ ከዚያ ዓመቱንና ወጪውን አስሉ።

7. የጎን ሥራን እንደ ሙሉ ገቢ መቁጠር

ፈታኝነት፣ የፈተና ጥያቄ ማውጣት፣ የመማሪያ መጽሐፍ መጻፍ ማራኪ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ወቅታዊ ወይም በፍሪላንስ የሚሠሩ ናቸው። የአይኤልትስ የንግግር ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል፤ ፈታኙ የተጻፈለትን ተከትሎ ነው የሚጠይቀው፣ እንደ መምህር ማረምና ማበረታታት አይችልም። ከተማሪ ጋር መጨዋወት ለሚወድ ሰው ይህ ይከብዳል። መጽሐፍ ስትጽፉ ደግሞ ክፍያው አንዴ የሚሰጥ ነው ወይስ ከሽያጭ ድርሻ አለው ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

የኦንላይን ማስተማርን መጠባበቂያ የሚያደርጉም አሉ። ጥሩ ነው፤ በአንድ መድረክ ላይ ብቻ ግን አትደገፉ። በሐምሌ 2021 ቻይና በግል የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ጥብቅ ደንብ ስታወጣ፣ ውጭ አገር ሆነው የቻይና ልጆችን በኦንላይን ያስተምሩ የነበሩ እጅግ ብዙ መምህራን ገቢያቸው ባጭር ጊዜ ተቋረጠ። የእነሱ ጥፋት አልነበረም። ሁሉም ገቢያቸው ከአንድ ቦታ መምጣቱ ግን ጎዳቸው።

8. ተናዶ መልቀቅ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ውጭ አገር የምታስተምሩ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ከቀጣሪያችሁ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ ሥራውን ስትለቁ አገሩንም መልቀቅ ይመጣል። ኮንትራት መሃል ላይ መውጣት የመመለሻ ቲኬትን ወይም የመጨረሻ ክፍያን ሊያስቀር ይችላል። አንቀጹን አንብቡ። የምትወጡበትን ጊዜ ከትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ጋር አስተካክሉ፤ እስከዚያ ቢያንስ የጥቂት ወራት ወጪ ያዙ።

9. የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብቻ መመካከር

እዚያ ያሉት ጓደኞቻችሁ ይወዷችኋል። ሆኖም አልወጡም፣ ስለ መውጫው ብዙ አያውቁም። ከእናንተ በፊት ወጥቶ ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ያለ የቀድሞ ባልደረባ ፈልጉ። «ሥራ ፈልግልኝ» አትበሉት። ሃያ ደቂቃ ለምኑትና ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚሠራ ጠይቁት። መጀመሪያ ሲገባ ደሞዙ ቀንሶ እንደነበርና በስንት ጊዜ እንደተመለሰ በግልጽ ንገረኝ በሉት፤ አዲስ ሙያ ውስጥ ከታች መጀመር የተለመደ ስለሆነ በጀታችሁን አስቀድማችሁ ታስተካክላላችሁ።

የድጋፍ ደብዳቤም አሁኑኑ ጠይቁ። በዚህ ሙያ ኃላፊዎች ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የምታውቁት ሰው እዚያ ላይኖር ይችላል። ስትጠይቁ ደግሞ ምን እንደሚጻፍ ጠቁሙ፦ «የነደፍኩትን የሽያጭ ሠራተኞች ሥልጠና ቢጠቅሱልኝ» ማለት ነውር የለውም። አብዛኛው ኃላፊ እንዲያውም ሥራውን ስላቀለላችሁለት ያመሰግናችኋል።