ተመራጩ ሲቀር ድምፁ እንዳይቀር፦ ለቦርድ ስብሰባ ወኪል እንዴት ይላካል?

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የሚሠራ ተመራጭ ሹም ደብረ ብርሃን ለሚደረግ የቦርድ ስብሰባ የሚመጣው ሞላሌን አልፎ፣ የጣርማ በርን ጉም ሰንጥቆ ነው። የዚያኑ ዕለት የምክር ቤት ጉባኤ ካለበት ደግሞ ጭራሹን አይመጣም። ቦርዱ 7 አባላት ቢኖሩትና ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ቢሆን 4 ሰው ያስፈልጋል። 3 ብቻ ከተገኙ ሻይ ጠጥቶ መበተን ነው፤ የውኃ ፓምፑ ግዥም ለሚቀጥለው ወር ያድራል።

ወኪል መላክ መፍትሔ ነው። ግን እንደ ነገሩ ከተላከ ባዶ ወንበር ይሻላል።

መጀመሪያ ቦርዱ የተቋቋመበትን ሕግ ያንብቡ። የአማራ ክልል ሕግ ከሆነ ዝክረ ሕግ በሚባለው የክልሉ ጋዜጣ ላይ፣ የፌዴራል ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይፈልጉት። አባሉ የተሰየመው በስሙ ነው ወይስ በያዘው ኃላፊነት? «ወይም ወኪሉ» የሚል ቃል አለ? ሕጉ ዝም ካለ እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለግል ጉዳይ የተወከለ ሰው ሌላ እንዲተካ ካልተፈቀደለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ ያዛል፤ የሕዝብ ጉዳይ ከዚያ ሊቀልል አይገባም። ሰብሳቢው «ግድ የለም፣ ይግባ» ስላሉ ብቻም አይሆንም። መመሪያ ደንብን፣ ደንብም አዋጅን አይሽርምና ማሻሻያው ሕጉን ካወጣው አካል መምጣት አለበት።

ሕጉ ከፈቀደ ሰው ይምረጡ፤ አንድ ሰው፣ ቋሚ ሰው። ቃለ ጉባኤ እይዝበት በነበረ አንድ ቦርድ ከአንድ መሥሪያ ቤት በሦስት ስብሰባ ሦስት የተለያየ ሰው መጥቶልናል። ሦስቱም ያሉት አንድ ነው፦ «ለኃላፊው አቀርባለሁ።» አበሉን ፈርመው ሄዱ፣ አጀንዳው እዚያው ቀረ። ከቦርዱ ጋር ጨረታ ወይም ውል ያለው ሰው፣ ወይም ቦርዱ የሚቆጣጠረው ተቋም ሠራተኛ እንዳይሆንም ይጠንቀቁ።

ከዚያ ደብዳቤው ይጻፋል። የቀድሞ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰው «እንደራሴ» ይሉታል፤ እንደ ራሴ ቁጠሩት ማለት ነው። ደብዳቤው ግን እስከ ምን ድረስ እንደ ራስዎ እንደሚቆጠር መናገር አለበት። የወኪሉን ሙሉ ስም፣ የቦርዱን ስም፣ ውክልናው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና ያስፍሩ። ድምፅ ይሰጣል ወይስ አድምጦ ይመለሳል? በጀት ማጽደቅ ወይም ሥራ አስኪያጅ ማንሳት ላይ አስቀድሞ ያማክርዎት እንደሆነም ይጻፍ፤ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም አርፎበት፣ ከመዝገብ ቤት ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት ከስብሰባው በፊት ለቦርዱ ጸሐፊ ይድረስ። ስብሰባ በር ላይ «ስልክ ደውለው ወክለውኛል» ማለት ውክልና አይደለም።

በስብሰባው ዕለት ጸሐፊው ወኪሉን በራሱ ስም፣ «የእገሌ ወኪል» ብሎ በቃለ ጉባኤው ይመዝግብ። ወካዩ የቦርዱ ሰብሳቢ ከሆኑ፣ ሕጉ ካላለ በቀር ወኪሉ የሰብሳቢውን ወንበር አይወርስም፤ ምክትል ሰብሳቢው ይመሩታል። ወኪሉም ሲመለስ የተወሰነውን በጽሑፍ ያስረክብ።

ወኪል ላክሁ ብሎ ከተጠያቂነት ማምለጥ የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት ተመራጭ ኃላፊነቱን ካጓደለ ይጠየቃል፤ ሕዝቡም አመኔታ ካጣበት ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን ራስዎ ያንብቡት፣ ከባድ ውሳኔ ባለበት ቀንም ራስዎ ይገኙ።

ተመራጩ ከኃላፊነቱ ሲነሳ ጸሐፊው ከተተኪው አዲስ ደብዳቤ ይጠይቅ። እስኪመጣ ድረስ የቀድሞው ወኪል ቢመጣ ሻዩን ይጠጣ እንጂ እጁን አያውጣ።